ጉንዳን የት ይኖራል፣ ምን ይበላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለ ጉንዳን የሚጠይቅበት ሰዓት ይታወቃል፣ ኪችን ውስጥ ሰልፍ ሲያይ ነው። ከዛ በፊት ማንም ትዝ አይለውም። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው፣ "እንዴት ላጥፋው?" ግን ምን ፈልጎ እንደመጣና ቤቱ የት እንደሆነ ሳታውቁ ብታጠፉትም ነገ ይመለሳል፣ ለዛ ነው ከመኖሪያውና ከምግቡ የጀመርነው። የማባረሩ ነገር ወደ ታች አለ፣ የቸኮለ ዘሎ ይውረድ።

ጉንዳን የሌለበት ሀገር አለ እንዴ?

አለ፣ ብርዱን ከቻላችሁት። አንታርክቲካ ላይ የለም፣ ግሪንላንድና አይስላንድም የራሳቸው የሆነ ጉንዳን የላቸውም። ከዛ ውጪ በረሃ በሉት ደጋ በሉት አስፋልት ዳር በሉት ሁሉም ጋ አለ። ሳይንቲስቶች ስም ያወጡለት ዝርያ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ምድር ላይ ያለውን የጉንዳን ብዛት 20 ኳድሪሊዮን ገደማ ብሎ ገምቶታል፣ 20 ጽፋችሁ ከኋላው 15 ዜሮ መደርደር ማለት ነው። ለዓለም ሰው ቢከፋፈል ለያንዳንዳችን ሁለት ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ይደርሰናል። ድርሻዬን አልፈልግም ማለት አይቻልም።

ቤታቸው መሬት ውስጥ ብቻ ነው?

ብዙዎቹ አዎ አፈር ውስጥ ናቸው። ከላይ የምታዩት ትንሽ ቀዳዳና ዙሪያው የተከመረው አፈር በሩ ብቻ ነው፣ ታች ሲወረድ መተላለፊያ አለ፣ ክፍል ክፍል አለ፣ ልጆች የሚያድጉበት ለብቻው፣ ምግብ የሚቀመጥበት ለብቻው፣ ቆሻሻና የሞተ የሚጣልበት ራሱ ለብቻው ነው፣ አንዳንዶቹ ቆሻሻውን ጭራሽ ውጪ አውጥተው ነው ሚጥሉት።

ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ሜዳ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሱና እዩ። እድለኛ ከሆናችሁ ከስሩ ነጫጭ ሩዝ መሳይ ነገር ተከምሮ ታገኛላችሁ፣ ብርሃን ሲያገኛቸው ሰራተኞቹ ይደነግጡና አንድ አንድ በአፋቸው አንስተው ወደ ቀዳዳው ይሮጣሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩ ባዶ ነው። ሰው የጉንዳን እንቁላል ነው ይላል እንጂ እንቁላሉ በጣም ደቃቅ ነው፣ ያ ነጩ እጭ፣ ማለትም ከእንቁላል የወጣ ትል መሳይ ልጅ፣ እና ወደ ጉንዳንነት እየተቀየረ ያለው ነው። ድንጋዩ ስር ያመጧቸው ለሙቀቱ ብለው ነው፣ ጠዋት ቶሎ የሚሞቀው ድንጋይ ስለሆነ። እኩለ ቀን ላይ በጣም ሲግል ተሸክመው ወደ ታች ያወርዷቸዋል፣ ይሄ የየቀን ስራቸው ነው። (ድንጋዩን መልሱት እሺ።)

ከአፈር ውጪ ደግሞ የበሰበሰ ግንድ ውስጥ፣ ቅርፊት ስር፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ የሶኬት ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባሉ። ሞቃታማ የአፍሪካና የእስያ ጫካ ውስጥ ያሉ አንዳንዶቹ ቅጠል ከቅጠል እየጎተቱ ያገጥሙና የራሳቸውን እጭ በአፋቸው ይዘው ከእጩ በሚወጣው ክር ይሰፉታል። ልጅ ራሱ እዛ ቤት ስራ አይፈታም።

ግራር እሾህ ውስጥ የሚኖሩትስ?

እነዚህ የኛ ሰፈር ናቸው፣ ከኢትዮጵያ እስከ ታንዛንያ ድረስ አሉ። እሾሁ ስር አብጦ ኳስ የሚሰራ የግራር አይነት አለ፣ ያ ያበጠው ውስጡ ክፍት ነው፣ ጉንዳኖቹ ይበሱትና ይገቡበታል፣ ነፋስ ሲመጣ በቀዳዳው እያለፈ ያፏጫል። ዛፉ ቤት ብቻ አይደለም የሚሰጣቸው፣ ቅጠሉ አጠገብ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጣ እጢ አለው፣ እሱን ይልሳሉ። ኪራዩን የሚከፍሉት በጥበቃ ነው፣ ዝሆን ቅርንጫፍ ለመስበር ኩምቢውን ሲሰድ በብዛት ይወጡና ኩምቢው ውስጥ ገብተው ይነክሱታል፣ ዝሆን ደግሞ ሌላውን ሁሉ ቢችልም ያንን አይችልም፣ ትቶት ይሄዳል።

ይሄ ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የታየው ኬንያ ላይኪፒያ ውስጥ ነው። ከውጪ የመጣ ጭንቅላተ ትልቅ የሚባል ወራሪ ጉንዳን ገባና የግራሩን ጉንዳኖች ጨረሳቸው፣ እሱ ግን ዛፉን አይጠብቅም። ዝሆኖቹ ዛፉን እንደልብ መሰባበር ጀመሩ፣ ሜዳው ገላጣ ሆነ፣ አንበሳ የሜዳ አህያ ለመያዝ የሚደበቅበት አጣ። በፈረንጆቹ 2024 የወጣ ጥናት እንደሚለው ከ2003 እስከ 2020 ባለው ጊዜ አንበሶቹ ከሚገድሉት ውስጥ የሜዳ አህያ ድርሻ ከ67% ወደ 42% ወርዷል፣ በምትኩ ጎሽ ወደ መግደል ዞሩ፣ ጎሽ ደግሞ ከሜዳ አህያ በጣም የከፋ ነው። አንዲት የማትታይ ጉንዳን የአንበሳ ሜኑ ቀየረች በቃ።

ምንድነው የሚበሉት? ስኳር ብቻ ነው?

አይደለም። ስኳሩን የምናየው እኛ ቤት ስላለ ነው።

መጀመሪያ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፣ አዋቂዋ ሰራተኛ ጉንዳን ጠጣር ምግብ መዋጥ አትችልም። ወገቧን አይታችሁታል፣ ክር ነው፣ በዛ ውስጥ ፈሳሽ ካልሆነ ምንም አያልፍም፣ አፏ ጋ ራሱ ደረቁን የሚያስቀር ማጣሪያ አላት። ታዲያ ያንን የሞተ ዝንብ ስምንት ሆነው እየተጓተቱ የት ነው ሚወስዱት? ለልጆች። ጠጣሩን የሚፈጩት እጮቹ ናቸው፣ በአንዳንድ ዝርያ ላይ እጮቹ ፈጭተው ፈሳሹን ለአዋቂዎቹ መልሰው ይሰጣሉ፣ ማለትም የቤቱ ሁሉ ጨጓራ ህፃናቱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሰራተኛዋ ደግሞ ሁለት ሆድ አላት፣ አንዱ የራሷ ነው፣ ሌላው የጋራ ነው። ጣፋጭ ነገር ስታገኝ የጋራውን ሞልታ ትመለሳለች፣ መንገድ ላይ የተራበች እህቷ አንቴናዋን ነካ ነካ ስታደርጋት ይቆሙና አፍ ለአፍ ገጥመው ጠብታ ትሰጣታለች። ግድግዳ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ሲቆሙ አይታችሁ "ሰላም እየተባባሉ ነው" ብላችሁ ከነበር ብዙ አልተሳሳታችሁም፣ አንዱ እየተሸታተቱ ነው፣ አንዱ ደግሞ መጎራረስ ነው።

ስለዚህ ባጭሩ ጣፋጩ ለሰራተኞቹ ጉልበት ነው፣ ፕሮቲኑ (ትንኝ፣ ትል፣ የስጋ ፍርፋሪ፣ እንቁላል) ለእጮቹና ለንግስቲቱ ነው። አንድ ሰሞን ስኳሩን ረግጠው አልፈው ጥብስ የተሰራበት ድስት ላይ ከተረባረቡ ቤታቸው ብዙ ህፃን አለ ማለት ነው። ይሄንን ያዙት፣ ወጥመድ ላይ ይጠቅማል።

እህል የሚያከማቹትስ?

አሉ፣ የዘር ሰብሳቢ ጉንዳኖች ይባላሉ፣ ደረቅ አካባቢ በብዛት አሉ። የሳር ዘር፣ ጤፍ፣ ያገኙትን ትንንሽ ፍሬ ለቅመው ጎተራቸው ያስገባሉ፣ ገለባውን በራቸው ላይ ይደፉታል፣ ቀዳዳ አጠገብ የገለባ ክምር ካያችሁ እነሱ ናቸው። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ላይ በመከር መኖዋን የምትሰበስበው ጉንዳን የዚህ አይነቷ ሳትሆን አትቀርም፣ እስራኤል ውስጥ ዛሬም በየሜዳው አለች። ሁሉም ጉንዳን ግን እንደዛ አይደለም፣ አብዛኛው የዛሬን ለዛሬ ነው የሚኖረው፣ ሰነፍ ልጅ ለመቆጣት ሲጠቀስ ይሄ ክፍል ይዘለላል።

ቪዲዮ ላይ ቅጠል ተሸክመው የሚሄዱት ቅጠል በል ናቸው?

እነሱ እኛ ሀገር የሉም፣ አሜሪካ አህጉር ላይ ብቻ ናቸው። ቅጠሉንም ለመብላት አይደለም የሚቆርጡት፣ ቤት ወስደው ያኝኩትና ፈንገስ ያበቅሉበታል፣ ምግባቸው ፈንገሱ ነው። ገበሬ ናቸው ባጭሩ።

ክሽክሽ ያለበት ተክል ላይ ለምን ይበዛሉ?

ስለሚያልቡት። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት የተክሉን ፈሳሽ ይመጥና የተረፈውን ጣፋጭ ጠብታ ከኋላው ያወጣል፣ ጉንዳኗ በአንቴናዋ ትነካካዋለች፣ ጠብታው ይወጣል፣ ትጠጣለች። በምላሹ ክሽክሹን ከሚበሉት ነፍሳት ትጠብቀዋለች፣ አንዳንዴ ተሸክማ ወደ ለጋ ቅጠል ታዛውረዋለች። ስለዚህ ሎሚያችሁ ወይ ባቄላችሁ ላይ ጉንዳን ሲወጣና ሲወርድ ካያችሁ ጉንዳኑን ከማሳደድ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፣ ችግሩ እዛ ነው ያለው።

ደቡብ ላይ እንሰት ያለው ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። የእንሰት ሥር ላይ የሚቀመጥ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነፍሳት አለ፣ ጌዴኦና ሲዳማ ላይ ብዙ እንሰት ጨርሷል፣ እሱ ራሱ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ከሥር ወደ ሥር የሚያደርሱት ጉንዳኖች ናቸው፣ ጣፋጩን ፍለጋ። ዋናው መዛመቻ ግን ሰው ነው፣ የተበከለ ችግኝ ከቦታ ቦታ ሲወሰድ።

ገብረ ጉንዳን የት ነው የሚኖረው?

የትም አይቀመጥም፣ ነገሩ እሱ ነው። ሌሎቹ ቤት ሰርተው ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ገብረ ጉንዳን ግን አድኖ በል ነው፣ ብዛቱ ደግሞ አንዳንዱ ዝርያ በሚሊዮኖች ነው፣ ያንን ሁሉ አፍ አንድ ሰፈር ሊመግበው አይችልም። ስለዚህ ዛፍ ሥር ወይ ጉድጓድ ውስጥ ለጊዜው ይሰፍራል፣ አካባቢውን ይጨርሳል፣ ንግስቲቱንና እጮቹን ይዞ ይነሳል። ሰራተኞቹ አይን የላቸውም፣ በማሽተትና በመነካካት ብቻ ነው የሚሄዱት፣ ሰልፉ ዳርና ዳር ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ወታደሮች አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፣ መሀሉን ትንንሾቹ እንደ ልባቸው ይሮጡበታል። ንግስታቸው ከሚታወቁት ጉንዳኖች ሁሉ በትልቅነት አንደኛ ናት፣ በወር ውስጥ ብቻ ሚሊዮኖች እንቁላል ትጥላለች።

የሚበሉት ሮጦ ያላመለጠውን ሁሉ ነው፣ በረሮ፣ ትል፣ ሸረሪት፣ ፌንጣ፣ የአይጥ ግልገል፣ የተቆለፈበት ጫጩት። ቤት ከገቡ መታገል አያዋጣም፣ ህፃን ልጅና የታሰረ ከብት ካለ ፈትታችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ጨርሰው ራሳቸው ይሄዳሉ። ሲሄዱ በረሮም ትኋንም የለም፣ በነፃ ጸድቷል፣ ገጠር የኖረ ሰው እየተማረረም ቢሆን ይሄን ያምንላቸዋል።

ንብ ያለው ሰው ግን ሄደው እስኪጨርሱ የመጠበቅ እድል የለውም፣ ማር፣ እጭ፣ ንቡ ራሱ አንድ ላይ ያለበት ቦታ ስለሆነ ቀፎ ለጉንዳን ድግስ ነው። የተለመደው መላ ቀፎውን እግር ባለው መቆሚያ ላይ ማድረግ፣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት መቀባት፣ ከስር አመድ መነስነስ ነው። ሁሉም ሚረሳው ሳሩን ነው፣ አንዲት ረዥም ሳር ቀፎውን ከነካች ድልድይ ናት፣ ዘይቱም አመዱም ከንቱ ነው። አመዱ ዝናብ ሲመታው ይታደስ።

ጣና አካባቢ ተገኘ የተባለው ግዙፍ ኮሎኒ (አብሮ የሚኖር የጉንዳን ቤተሰብ) እውነት ነው?

እውነት ነው። ጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በቤተክርስቲያን ደኖችና ዙሪያቸው ላይ ተመራማሪዎች ሌፒሲዮታ ካኔስንስ የምትባል ደቃቅ ጉንዳን አጥንተው ነበር፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2017 ታተመ። በተለምዶ ሁለት የተለያየ ቤት ጉንዳኖች ከተገናኙ ይጣላሉ፣ እነዚህ ግን በጣም ከተራራቀ ቦታ አምጥተው ሲያገናኟቸው አልተጣሉም፣ ትልቁ አንድ ግሩፕ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ይሸፍናል። እንዲህ አይነት ባህሪ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰው ከሀገር ሀገር ይዟቸው በሄደ ወራሪ ጉንዳኖች ላይ ነው፣ ይቺ ግን ሀገሯ ላይ ሆና ነው። ጫካውም ውስጥ፣ መንገድ ዳርም፣ የተቆፈረ መሬት ላይም ትኖራለች፣ ምግብም አትመርጥም፣ ለዛም ነው ተመራማሪዎቹ አንድ ቀን በእቃ ተጭና ውጪ ከወጣች ችግር ትሆናለች ብለው የፈሩት።

ምስጥ እና ጉንዳን አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፣ ምስጥ ለበረሮ ነው የሚቀርበው፣ ጉንዳን ለተርብ። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው አንቴናው እጥፍ ይላል፣ ምስጥ ወገብ የለውም አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ምስጥ እንጨት፣ ሳር፣ ካርቶን ይበላል፣ ጉንዳን እንጨት አይበላም። ኩይሳ የሚሰራው ምስጥ ነው፣ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል መብራት ላይ የሚረባረበው አሸንም አብዛኛው ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ወለጋ ላይ ቤትና ሰብል የሚጨርሰውም እሱ ነው እንጂ ጉንዳን አይደለም፣ ጉንዳን እንዲያውም ምስጥ ይበላል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ከየት ነው የሚመጡት?

ወይ ከታች በቧንቧና በግድግዳ ስንጥቅ ይወጣሉ፣ ወይ ቤታቸው እዛው ግድግዳው ውስጥ ነው። መጀመሪያ አንዷ ብቻዋን ትዞራለች፣ ካገኘች ስትመለስ ሆዷን መሬት እያስነካች የሽታ መስመር ትጥላለች፣ ሌሎቹ እሱን ይዘው ይመጣሉ፣ እያንዳንዷ መስመሩን ታጠናክረዋለች፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰልፍ ሆነ ማለት ነው። በደረቅ ወቅት ምግብ ሳይሆን ውሃ ፍለጋም ሊሆን ይችላል፣ ሲንኩ ስር የሚያንጠባጥብ ካለ አስጠግኑት።

ፍሊት ነፋሁ፣ በሳምንቱ ተመለሱ። ለምን?

ፍሊቱ የገደለው ውጪ የወጡትን ነው፣ አብዛኛው ቤት ነው ያለው፣ ንግስቲቱ ደግሞ በህይወቷ ሙሉ ኪችናችሁን አታይም። አንዲት የተለመደች የአውሮፓ ጥቁር ጉንዳን ንግስት በእንክብካቤ ተይዛ 28 ዓመት አልፏት ኖራለች፣ ሰራተኛ ቢሞት ትተካለች። ይባስ ብሎ የፈርኦን ጉንዳን የምትባለው ደቃቅዋ ቢጫ፣ ሆስፒታልና አፓርታማ የምትወደው፣ መድሃኒት ሲነፋባት ንግስቶቿን ይዛ ትበታተንና አንዱ ኮሎኒ ሶስት አራት ይሆናል።

የሚሻለው ይሄ ነው። ሰልፉን ወዲያው አትደምስሱት፣ ተከትላችሁ የሚገቡበትን ቀዳዳ እዩ። ከዛ ቀስ ብሎ የሚገድል ማጥመጃ አስቀምጡላቸው፣ ለምሳሌ 100 ሚሊ ውሃ ላይ 10 ግራም ስኳርና 1 ግራም ቦሪክ አሲድ፣ ጥጥ ላይ አርሳችሁ መንገዳቸው ዳር። ቦሪክ አሲዱን ካበዛችሁት መንገድ ላይ ይሞታሉ፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በጋራ ሆዳቸው ይዘው ገብተው እንዲጎራረሱት ነው። ስኳሩን ካልነኩት ፕሮቲን ፈልገዋል ማለት ነው፣ በለውዝ ቅቤ ሞክሩት። ህፃንና ድመት የማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት፣ ይሄ ቀልድ የለውም። በቀናት ውስጥ ሲቀንሱ መስመሩን በሳሙና ውሃ ወይ በአቼቶ ጥርግ አድርጋችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ።

ቀረፋ፣ ሎሚ፣ በርበሬ የሚባሉት መንገድ ያስቀይሯቸዋል እንጂ አያስቀሯቸውም። የማር ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ማስቀመጥ ግን ይሰራል፣ ሳህኑ ግድግዳ ካልነካ።

ጉንዳን የገባበት ምግብ ይበላል?

ደረቅ ስኳር ከሆነ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ አድርጉት ጥለውት ይሄዳሉ። ያደረ ወጥ ወይ ስጋ ከሆነ ግን ድፉት፣ ከየት ቆሻሻ ላይ እንደመጡ አይታወቅም፣ የህፃን ወተት ከሆነ ጭራሽ ጥያቄም አያስፈልገው።

ውጪ ሀገር ያለን ሰዎች የምንጠነቀቀው አለ?

አሜሪካ የእንጨት ቤት ውስጥ ያላችሁ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳን ካያችሁ አናጢ ጉንዳን ሊሆን ይችላል። እንጨቱን አይበላውም ግን ይቦረቡረዋል፣ ብዙ ጊዜ ውሃ የነካውን ነው የሚመርጠው፣ መስኮት ስር የእንጨት ብናኝ ተከምሮ ካገኛችሁ ለአከራያችሁ ቶሎ ንገሩ፣ ጉንዳኑ የውሃ መግቢያውን እያሳያችሁ ነው።

ቴክሳስና ደቡቡ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ እሳት ጉንዳን አለ፣ ከደቡብ አሜሪካ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ አላባማ ሞቢል ወደብ የገባ ነው። ሳሩ ላይ ፈረስረስ ያለ የአፈር ክምር ካያችሁ ልጆች እንዳይረግጡት፣ አንድ ላይ ወጥተው ነው የሚነድፉት፣ በማግስቱ ነጭ መግል የቋጠረ ሽፍታ ይሆናል፣ አታፍርጡት።

ኤምሬትስና ሳውዲ ያላችሁ ሳምሱም የሚባለውን ተናዳፊ ጉንዳን እወቁ። ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ምስራቅ አፍሪካም አለ፣ እዛ ውሃ የሚጠጣ ጋርደንና የእርጥብ አፈር ዳር ይወዳል፣ የጓሮ ስራ የምትሰሩ በተለይ ጓንትና ሽፍን ጫማ አድርጉ። ለብዙ ሰው ማሳከክና ማበጥ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ከባድ አለርጂ ያመጣል፣ ከተነደፋችሁ በኋላ ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ራስ ካዞረ "ያልፋል" ብላችሁ አትተኙ፣ አምቡላንስ ጥሩ።